አሮጌ የፋይበርግላስ ጀልባ? ከመግዛታችሁ በፊት ኳ ኳ አድርጓት

አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ብርዱ ለቆ ሣሩ ማደግ ሲጀምር፣ ግቢ ጥግ በሸራ ተሸፍና የከረመች ጀልባ ላይ «ለሽያጭ» የሚል ካርቶን ይለጠፋል። የ1970ዎቹ ሥሪት (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው)፣ 17 ጫማ፣ ከነሞተሯና ከነተጎታቿ 900 ዶላር። ቼሳፒክ ቤይ የሚባለው ሰፊ ባሕረ ሰላጤ ደግሞ እዚያው አፍንጫ ሥር ነው። ልብ ይከጅላል። የኔም ከጀለ፣ ገዛሁ። ከዚያ ሰመሩን በሙሉ ዓሣ ሳይሆን አቧራ ሳጠምድ ከረምኩ።

ያኔ ያልገባኝ ነገር ይሄ ነው። ፋይበርግላስ አይበሰብስም። የመስታወት ክርና ሬዚን (ሲደርቅ የሚጠነክር ፈሳሽ ሙጫ) ነው፤ ሃምሳ ዓመት ኖሮም ደህና ሊሆን ይችላል። የሚበሰብሰው ውስጡ የታሸገው እንጨት ነው። የዚያ ዘመን ጀልባ በአብዛኛው ወለሏም፣ ከወለሉ ሥር በቁመት የተዘረጉት ወራጆችም፣ ሞተሩ የሚሰቀልበት የኋላ ግድግዳም (ትራንሰም ይሉታል) ፋይበርግላስ የለበሰ እንጨት ነው፤ ብዙውን ጊዜ ኮምፔርሳቶ። ስለዚህ ቀለሙን ተዉት። ጥያቄው አንድ ነው፦ ውሃ እንጨቱ ጋ ደርሷል ወይስ አልደረሰም?

ወለሉ ሲረገጥ ስፖንጅ ስፖንጅ ይላል

ጫማችሁን አውልቁና ከፊት እስከ ኋላ ቀስ ብላችሁ ተራመዱ። ባዶ እግር ጫማ የማይሰማውን ይሰማል። ወንበሮቹ ወለሉ ላይ በብሎን የታሰሩ ናቸው፤ በእያንዳንዱ ብሎን ቀዳዳ ዝናብ ይሰርጋል። የገባው ውሃ መውጫ የለውም። ላዩ ደርቆ ውስጡ ይሻግታል።

የሚሰምጠው በአንድ ወንበር እግር ዙሪያ መዳፍ የምታህል ቦታ ብቻ ከሆነ አትደንግጡ። ያንን ቆርጦ ማውጣት፣ አዲስ ኮምፔርሳቶ መግጠም፣ ማልበስ። የሁለት ቅዳሜ ሥራ ነው። ወለሉ በሙሉ የሚሰምጥ ከሆነ ግን ጣጣው ወራጆቹም ጋ ደርሶ ሊሆን ይችላል፤ ወራጅ ደግሞ የጀልባዋ አከርካሪ ነው። ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ ከሥር ወራጅ ባለበት በኩል በቀጭን መሰርሰሪያ ብሱት። የሚወጣው ፍቅፋቂ ደረቅና ነጣ ያለ ከሆነ ደግ ነው። እንደ ቡና አተላ ጠቁሮ እርጥብ ሆኖ ከወጣ፣ ወለሉን ሙሉ በሙሉ ማንሳት ይጠብቃችኋል። አልፈቅድም ካለ ደግሞ መልሱን ሰጥቷችኋል።

ሞተሩ ሲወዘወዝ የኋላ ግድግዳው አብሮ ይወዛወዛል

እኔን የበላኝ ይሄ ነው። ሞተሩን ወደ ላይ አንሱትና ታችኛውን ጫፍ ይዛችሁ ወደ ታች ተጫኑት። ሌላ ሰው ግድግዳውን ይይ። ሞተሩ እንጂ ግድግዳው ንቅንቅ ማለት የለበትም። ከተነቃነቀ፣ ጥጉ ላይ ስንጥቅ ከከፈተ፣ ወይም ከብሎኖቹ ሥር ቡናማ ውሃ ከወረደ፣ ውስጡ አልቋል።

ሁለተኛዋን ጀልባ ለማየት ስሄድ ብቻዬን አልሄድኩም። አዲስ አበባ የመኪና ላሜራና ቀለም ሲሠሩ የኖሩ አንድ ጋሼ የምንላቸው ሰው አሉ፤ እሳቸውን ይዤ ሄድኩ። የካቻቢቴ እጀታ ይዘው ግድግዳውን ከጥግ እስከ ጥግ ኳ፣ ኳ፣ ኳ ያደርጉት ጀመር። እናቶቻችን ምጣድ ሲገዙ በጣታቸው መታ መታ አድርገው ድምፁን እንደሚያዳምጡት ማለት ነው። ደህናው ቦታ ጥርት ያለ «ኳ» ይላል። የተበላው «ዱብ» ይላል። ጋሼ አንድ ጥግ ላይ ቆም አሉና «እዚህ ጋ ስቱኮ አለ» አሉኝ። ባለቤቱ ሳይወድ አመነ። ያቺን አልገዛንም።

የመጀመሪያዋን የሸጠልኝም ሰው ያደረገው ይህንኑ ነበር፤ ቀዳዳውን በመኪና ስቱኮ ሞልቶ ቀለም ቀብቶበታል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ሞተሩ ገና ግፊት ሲሰጥ ስቱኮው ተሰነጠቀ።

ትክክለኛው ጥገና እንዲህ ነው። ሞተሩን አውርዱ። የውስጡን የፋይበርግላስ ልባስ ቁረጡና አንሱት፤ የውጩን አትንኩ፣ ቅርጹን የሚጠብቅላችሁ እሱ ነው። የበሰበሰውን እንጨት በመሮ አውጡ። የኔ በእጅ ይዘገን ነበር። የቀረው የውጩ ልባስ ሲደርቅ ውስጡን ሻካራ እስኪሆን ሞርዱት፣ የባሕር ኮምፔርሳቶ ሁለት ድርብ (ያንዳንዱ ውፍረት ወደ 19 ሚሊ ሜትር) በኢፖክሲ (ሁለት ፈሳሽ ተደባልቆ የሚጠነክር ሬዚን) አጣብቃችሁ በማጠበቂያ እሰሩት። ከዚያ የመስታወት ክር ጨርቁን ሬዚን እያጠጣችሁ በላይ በላዩ አልብሱ። አዲሱ ልባስ ከአሮጌው ጋር የሚገናኝበትን ጠርዝ አስረዝማችሁ አሳሱት፤ ልባሱ 5 ሚሊ ሜትር ከወፈረ መጋጠሚያው 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ተዳፋት ይኑረው። ቀጥ ብሎ የተገጠመ ጠርዝ በኋላ ይላቀቃል።

ፖሊስተር ሬዚን ርካሽ ነው፤ ነገር ግን የደረቀ አሮጌ ፋይበርግላስንና እንጨትን እንደ ኢፖክሲ አይጨብጥም። እኔ እዚህ ላይ አልቆጥብም። ኢፖክሲ ከመረጣችሁ ግን ክሩ ተበጣጥሶ የተነጠፈውን ተራ ምንጣፍ አትግዙ፤ የብዙዎቹ ማጣበቂያ የሚሟሟው በፖሊስተር ሬዚን ነው፣ በኢፖክሲ ደርቆ ይቀራል። የተሰፋውን ጨርቅ ግዙ። ደግሞ ጥቂት ጥቂት በጥብጡ፤ ብዙ ከተጠራቀመ በራሱ ይግላል። እኔ ሥራ ለማፍጠን አንድ ባልዲ በጠበጥኩ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ባልዲው ጨሰ፣ ፕላስቲኩ ቀለጠ፤ ያ ሁሉ ሬዚን ድንጋይ ሆነ።

የብሎን ቀዳዳዎቹን መጀመሪያ አስፍታችሁ ብሱ፣ በወፍራም ኢፖክሲ ሙሉ፣ ሲደርቅ መሐሉን እንደገና ብሱት። እንዲያ ሲሆን ብሎኑ እንጨት አይነካም፣ ውሃም መግቢያ ያጣል። ስትሞርዱ ሳንባችሁን የሚጠብቅ እውነተኛ ጭምብል አድርጉ። የማሳከኩን ነገር አላወራም፣ ታዩታላችሁ።

ጀልባዋ ከልክ በላይ ትከብዳለች

ከወለሉ ሥር እንዳትሰምጥ ተብሎ የተሞላ ፎም አለ። ዓመታት ውሃ ውስጥ ሲነከር ይጠጣል። ሳጥን የምታህል አንድ ኪዩቢክ ጫማ ፎም ውሃ ከሞላች ወደ 28 ኪሎ ትመዝናለች። ጀልባዋን ከነተጎታቿ ሚዛን ላይ አውጡ፣ የተጎታቿንና የሞተሩን ክብደት ቀንሱና ፋብሪካው ከጻፈው ክብደት ጋር አስተያዩ።

የፎም ነገር ከተነሳ ቦስተን ዌለር የምትባለውን የጀልባ ዓይነት አለማንሳት አይቻልም። በ1958 የወጣች ናት፤ በሁለት ልባስ መሐል ፎም የተሞላች። በ1961 ላይፍ መጽሔት ላይ መሥራቹ ዲክ ፊሸር ጀልባዋን ውሃ ላይ እንዳለች በመጋዝ ለሁለት ሲከፍላት የሚያሳይ ፎቶ ወጣ፤ አልሰመጠችም። ችግሩ ያው ፎም ውሃ ከጠጣ እንደ ሌላው ወለል አንስቶ መቀየር አይቻልም። ስለዚህ አሮጌ ዌለር ስትገዙ ስሟን ሳይሆን ሚዛኗን እመኑ።

ስንጥቅ፣ ዱቄት፣ እባጭ

በጣት ሲነካ ነጭ ዱቄት ይለቃል? ፀሐይ ነው። በውሃ የብርጭቆ ወረቀት ከ800 ጀምሮ እስከ 2000 ማለስለስ፣ ፖሊሽ፣ ሰም። ለዋጋ መከራከሪያ እንጂ ለመሸሽ ምክንያት አይሆንም። እንደ ሸረሪት ድር የተሰነጠቀ ላይኛ ቅብም አብዛኛውን ጊዜ የላይ ነው፤ ስንጥቁ አንድ ቦታ ተሰብስቦ ዙሪያው «ዱብ» ካለ ግን ተመልሳችሁ እንጨቱን ጠርጥሩ። ከታች እንደ ፈንጣጣ ያበጠ ካለ ውሃ ቅቡን አልፎ ገብቷል። ስትወጉት ኮምጣጤ የሚሸት ፈሳሽ ይወጣል። ተቆፍሮ፣ ታጥቦ፣ ለሳምንታት ደርቆ ይሞላል። ጥቂት ከሆነ ግድ የለም።

ሞተሩ

የታችኛውን ማርሽ ቤት ዘይት ጠብ አድርጉ። ማኪያቶ መስሎ ከወጣ ውሃ ገብቷል፤ ቢቀና ፓራኦሊዮ መቀየር ነው፣ ካልቀናም ማርሹ ዝጓል። ካንዴላዎቹን ፈትታችሁ ኮምፕሬሽን ለኩ፤ በሲሊንደሮቹ መካከል ከ10 በመቶ በላይ ልዩነት ካለ የሞተሩን ዋጋ ዜሮ አድርጋችሁ ተደራደሩ። ወለሉ አካባቢ ቤንዚን ከሸተተ ከሥር የተቀበረው ታንክ ተበልቶ ሊሆን ይችላል፤ ያ ወለል መቁረጥ ማለት ነው፤ እስኪታወቅም ክብሪት እንዳትጭሩ።

ወረቀትና ተጎታች

ከኅዳር 1972 (በፈረንጆች) ወዲህ አሜሪካ የተሠራች ጀልባ በኋላ ግድግዳዋ በቀኝ በኩል ላይኛው ጥግ ላይ 12 ፊደልና ቁጥር አላት። ከባለቤትነት ወረቀቱ ጋር አንድ በአንድ አመሳክሩ። ካልገጠመ መፍትሄው መኪና አስነስቶ ወደ ቤት መመለስ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ የጀልባዋ ወረቀት የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤቱ ጋ ነው፤ የተጎታቿ ግን መኪና የሚመዘገብበት። ሁለት ወረቀት ጠይቁ።

የተጎታቿን ኩሽኔታ አሽከርክራችሁ አዳምጡ፤ ከተንኳኳ ይቀየራል፣ ርካሽ ነው። ጎማው ጎን ላይ ደግሞ አራት ቁጥር አለ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ዓመቱን ይናገራሉ። የኔ 2309 ይል ነበር። ጥርሱ ያማረ ስለነበር ቁጥሩን አላየሁትም። ቤት ሳንደርስ ፈነዳ።