ከሱቅ የወጣ የሌብል ማተሚያን ለበጎ አድራጎት መጋዘን እንዴት ማዋል ይቻላል

ሱቆችና ዕቃ አመላላሾች መሣሪያ ሲቀይሩ የሚያስወግዱት ዜብራ ጂኬ420ዲ የተባለ የሌብል (ዕቃ ላይ የሚለጠፍ መለያ ወረቀት) ማተሚያ፣ ምግብ ወይም መድኃኒት ለሚያከፋፍል ማኅበር ገና ብዙ ያገለግላል። ቀለም አይጠይቅም፤ ሙቀት ሲነካው በሚጠቁር ወረቀት ላይ ያትማል። ሌብሉን ብሮውዘር ላይ በጎግል ስላይድስ ስለምናዘጋጅ የሚገዛ ሶፍትዌር የለም።

በሙቀት የታተመ ጽሑፍ ፀሐይ ላይ ይደበዝዛል። ለወራት ለሚቆይ ካርቶን ይበቃል፤ ለዓመታት ለሚቀመጥ መጽሐፍ ግን ሪባን (ቀለም የተቀባ ጥብጣብ) የሚገባበትን ጂኬ420ቲ ይፈልጉ።

ከመረከብ በፊት

አዳፕተሩ 20 ቮልትና 2.5 አምፔር የሚሰጥ መሆን አለበት። ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ መግቢያው 100–240 ቮልት እንደሚል ያንብቡ፤ 120 ብቻ የሚለው በኢትዮጵያ መብራት ይቃጠላል።

60 በ40 ሚሊሜትር የሆነ የሌብል ጥቅል ያስገቡ፣ የሚታተምበት ፊት ወደ ላይ ይሁን። የትኛው ፊት እንደሆነ ለመለየት በጥፍር ይጫሩት፤ ጥቁር መስመር የሚወጣበት እሱ ነው። ከዚያ አረንጓዴው መብራት አንዴ ብልጭ እስኪል ቁልፉን ተጭነው ይልቀቁ፤ የማሽኑን ቅንብር ያትማል።

ይህን ወረቀት በደንብ ይመርምሩት። ከላይ እስከ ታች የሚወርድ ነጭ መስመር ካለ ሄዱ፣ ማለትም በጥቃቅን ነጥቦቹ ወረቀቱን እያሞቀ የሚያትመው ክፍል፣ ቆሽሿል ወይም አንዱ ነጥቡ ሞቷል። ማሽኑን አጥፍተው 90 በመቶና ከዚያ በላይ በሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል ሄዱን ይጥረጉ፣ እስኪደርቅ ይጠብቁ፣ ደግመው ያትሙ። በብረት በፍጹም አይፋቁት። መስመሩ እዚያው ከቀረ ነጥቡ ሞቷልና ማሽኑን ባይወስዱት ይሻላል፤ የሄድ ዋጋ ከአሮጌው ማሽን ሊበልጥ ይችላል። አንድ የምሥራች አለ፦ ሄዱ 104 ሚሊሜትር ስፋት ስላለውና ወረቀቱ በመሐል ስለሚያልፍ፣ ዳርና ዳር ያሉት 22 ሚሊሜትሮች ለዚህ ሌብል አያስፈልጉም። እዚያ ያለ ጉዳት አያሳስብም።

አሁን መብራቱ ሁለቴ ብልጭ እስኪል ቁልፉን ይጫኑ። ማሽኑ ጥቂት ሌብሎች አሳልፎ በመካከላቸው ያለውን ክፍተት ይለካል።

ከኮምፒውተር ጋር

ዊንዶውስ ከሆነ ዜዲዛይነር የተባለውን ነጻ ድራይቨር (ኮምፒውተሩን ከማተሚያው ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም) ከዜብራ ድረ ገጽ ጭነው የወረቀት መጠኑን 60 በ40 ያድርጉ።

ስላይድስ ላይ ከፋይል ምናሌ የገጽ መጠኑን 6 በ4 ሴንቲሜትር ያድርጉ። ለአማርኛው ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ይምረጡ፣ የፊደሉን መጠን ከ10 ፖይንት አያሳንሱት። ማሽኑ በሚሊሜትር 8 ነጥብ ብቻ ስለሚያትም በትንሹ ሲጻፍ ሱ እና ሲ አይለዩም፤ በመድኃኒት ስም ላይ ይህ አደገኛ ነው።

ለባርኮዱ ሊብሬ ባርኮድ 39 ቴክስት የተባለውን ፎንት መርጠው ቁጥሩን በሁለት ኮከቦች መካከል ይጻፉ፦ *1024*። ያለ ኮከቦቹ ባርኮድ አንባቢው መሣሪያ የት እንደሚጀምርና እንደሚያበቃ አያውቅም። ባርኮዱ የአማርኛ ፊደል ስለማይቀበል ስሙን ከላዩ ለብቻ ይጻፉት። በግራና በቀኝ 5 ሚሊሜትር ባዶ ይተዉ። ለእያንዳንዱ ዕቃ ስላይዱን ያባዙ። በጎ ፈቃደኞች ከየስልካቸው መሙላት ይችላሉ፤ የሚታተመው ግን ማሽኑ ከተሰካበት ኮምፒውተር ነው።

ሲያትሙ ዜብራውንና 60 በ40ን መርጠው ስኬሉን «አክቹዋል ሳይዝ» ወይም 100 በመቶ (ሳያሳንስና ሳያሳድግ እንዲያትም) ያድርጉ። በመጀመሪያ አንድ ብቻ አትመው በማስመሪያ ይለኩ፣ ባርኮዱንም በስልክ ያንብቡት።

ሲያስቸግር

ባዶ ሌብል ከወጣ ጥቅሉ ተገልብጧል። አንድ ታትሞ አንድ ባዶ የሚያልፍ ከሆነ በድራይቨሩ፣ በስላይዱና ሲያትሙ በሚከፈተው መስኮት ያሉት መጠኖች አይገጥሙም። ጽሑፉ ከደበዘዘ ፍጥነቱን ይቀንሱ፤ ካልተሻለው ብቻ ጥቁረቱን በጥቂቱ ይጨምሩ። የበዛ ጥቁረት ሄዱን ይጎዳል፣ የባርኮዱን መስመሮችም ያቀላቅላል። በአማርኛው ፈንታ ጥያቄ ምልክት ወይም ሣጥን ከወጣ፣ ኮምፒውተሩ ጽሑፍ ብቻ የሚልክ ድራይቨር መርጧል። የማሽኑ የራሱ ፎንት ግዕዝ የለውም፤ ዜዲዛይነር ግን ፊደሉን በምስል መልክ ሊልከው ስለሚችል እሱን ይምረጡ።