የኮሌጅ የመጀመሪያ ዓመታችሁን እንዴት ትገመግማላችሁ? ከውጤት ወረቀት እስከ ቀጣዩ ዕቅድ

የኮሌጅ የመጀመሪያ ዓመት ሲያልቅ ተማሪ ስለ ራሱ የሚናገረው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱን ነው፦ «በጣም ተለውጫለሁ» ወይም «ዓመቱን እንዲሁ አባከንኩት»። ሁለቱም ከልብ ይወጣሉ፤ ለሚቀጥለው ዓመት ግን የሚጨበጥ ነገር የላቸውም። የተለወጠው ምን እንደሆነ፣ የባከነውም የትኛው ሰዓት እንደሆነ ለይቶ ያላወቀ ተማሪ ሁለተኛውን ዓመት የሚጀምረው በአንደኛው ዓመት ልማድ ነው። ስለዚህ ግምገማው ከማስረጃ ይነሳ። ሥራው ሁለት ቀን ይበቃዋል፤ ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ ካልኩሌተርና ስልክ ካላችሁ ሌላ መሣሪያ አያስፈልግም።

ጊዜው ውጤት ከወጣ በኋላ ያሉት ሁለት ሳምንታት ናቸው። ሄርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው መርሳት ፈጣን የሚሆነው መጀመሪያ ላይ ነው፤ ስለዚህ ማዘግየት ዋጋ ያስከፍላል። ሌላም ችግር አለ። ውጤቱን ካወቅን በኋላ ትውስታችን ከውጤቱ ጋር እንዲስማማ ሆኖ ይስተካከላል። ባሩክ ፊሽሆፍ እ.ኤ.አ. በ1975 ያጠናው ይህንኑ «ድሮም አውቀው ነበር» የሚያሰኘንን ዝንባሌ ነው። ዲ ያመጣ ተማሪ ኮርሱን ከመጀመሪያው እንዳልወደደው ያስታውሳል፤ የመጀመሪያ ወር ደብተሩ ሲገለጥ ግን በጥንቃቄ የተጻፈ ማስታወሻ ይገኝበታል።

ማስረጃውን መሰብሰብ

የሁለቱን ሴሚስተር የውጤት ወረቀት፣ የየኮርሱን አውትላይን (ሚድ፣ ክዊዝ፣ አሳይመንትና ፋይናል ስንት በመቶ እንደሚይዙ የሚያሳየውን ገጽ)፣ የተመለሱ ፈተናዎችንና የመምህር አስተያየት ያለባቸውን ሥራዎች አንድ ቦታ አስቀምጡ። ከዚያ የስልካችሁን የቀን መቁጠሪያና ፎቶዎች በየወሩ እየሄዳችሁ ተመልከቱና ለእያንዳንዱ ወር ሁለት መስመር ጻፉ፦ በዚያ ወር ምን ነበር፣ ምን ከበዳችሁ። ሐተታ አያስፈልግም። ይህ ክፍል ከሁለት ሰዓት በላይ ከወሰደ ፎቶ ማየት ጀምራችኋል ማለት ነው።

ፈተናው ካልተመለሰላችሁ መምህሩን በቢሮ ሰዓቱ አግኝታችሁ ወረቀቱን ለማየት ጠይቁ። አጠያየቁ ለውጥ ያመጣል። «ውጤቴ ይታይልኝ» የሚል ተማሪ ክርክር ይገጥመዋል፤ «የት የት እንደተሳሳትኩ አይቼ ለሚቀጥለው ልዘጋጅ» የሚል ግን አብዛኛውን ጊዜ በጎ ፊት ያገኛል።

ነጥቡ የት ጠፋ?

ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ይህ ነው፤ ብዙ ተማሪ ግን የሚዘለውም ይህንኑ ነው። የተመለሰ ፈተና አውጡና ከጠፋው እያንዳንዱ ነጥብ ጎን ከአራት ፊደላት አንዱን ጻፉ። ሀ፦ አላውቀውም ነበር። ለ፦ አውቀው ነበር፣ ጥያቄውን ግን በትክክል አላነበብኩም። ሐ፦ ሰዓት አለቀብኝ። መ፦ የስሌት ወይም የጥድፊያ ስህተት።

ከ30 የታረመ ሚድ 18 አመጣችሁ እንበል። ከጠፉት 12 ነጥቦች 5ቱ ሀ፣ 4ቱ ለ፣ 2ቱ ሐ፣ 1ዱ መ ሆኑ። ይህን ያልቆጠረ ተማሪ «በደንብ አላጠናሁም» ብሎ የጥናት ሰዓቱን ይጨምራል፤ የሰዓት ጭማሪው ግን በአብዛኛው የሚደርሰው ለ5ቱ ነጥብ ብቻ ነው። «አወዳድሩ» በተባለበት ቦታ አንዱን ብቻ አብራርቶ የጠፋ 4 ነጥብ የሚመለሰው በሌላ መንገድ ነው፦ መልስ ከመጀመራችሁ በፊት የጥያቄውን ግሥ አስምሩበት፣ ንዑስ ጥያቄዎችንም ቁጥር ስጧቸው። ሐ ሲበዛ መፍትሔው በሰዓት ተገድቦ አሮጌ ፈተና መሥራት ነው። መ ሲበዛ ደግሞ ለመፈተሻ 5 ደቂቃ ማስቀረት።

ሀ የበዛባቸው ተማሪዎች ከሰዓቱ ይልቅ የአጠናናቸውን ዘዴ ይመርምሩ። ሮዲገርና ካርፒኪ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጥናት አንድን ጽሑፍ ደጋግመው ያነበቡ ተማሪዎች ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ የተሻለ አስታወሱ፤ ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን ጽሑፉን ዘግተው ራሳቸውን የፈተኑት በልጠው ተገኙ። ማታ ደጋግሞ ያነበበ ሰው «ገብቶኛል» ብሎ የሚተኛውና ፈተና ላይ ባዶ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ደብተር ዘግቶ ባዶ ወረቀት ላይ የሚታወሰውን መጻፍ፣ ከዚያ ከፍቶ የጎደለውን በሌላ ቀለም መሙላት ብቻውን ትልቅ ለውጥ ያመጣል።

ቢያንስ የሦስት ኮርስ ፈተና በዚህ መንገድ እዩ። በአንድ ፈተና ላይ ተመሥርቶ ስለ ራስ መፍረድ አይገባም፤ በሦስቱም ላይ አንድ ፊደል ከበዛ ግን የእናንተ ጠባይ ነው።

168ቱ ሰዓታት

ሳምንት 168 ሰዓት አለው። በቀን 8 ሰዓት ከተኛችሁ 56 ይሄዳል፣ 112 ይቀራል። ክፍልና ላብ 20 ቢወስድ 92። ለምግብ፣ ለንጽሕናና ለመንገድ በቀን 3 ሰዓት ስናስብ 21 ተቀንሶ 71 ይቀራል። ለአንድ ክሬዲት ሰዓት በሳምንት ሁለት ሰዓት ጥናት የሚለውን የተለመደ መመሪያ ለ17 ክሬዲት ብንወስድ 34 ሰዓት ነው። ይህም ተቀንሶ 37 ሰዓት ይተርፋል። የሚሠራ ተማሪ የሥራ ሰዓቱን ከዚሁ ይቀንስ።

አሁን ስልካችሁ ላይ የስክሪን ጊዜ የሚያሳየውን ክፍል ክፈቱ። በቀን 5 ሰዓት ካለ በሳምንት 35 ሆነ፤ የተረፈው 37 ሰዓት ወዴት እንደሄደ ተገኘ ማለት ነው። አንድ ጥንቃቄ፦ ስልኮች ብዙውን ጊዜ የሚያሳዩት የቅርብ ሳምንታትን ብቻ ስለሆነ የዕረፍት ጊዜ ቁጥር የትምህርት ጊዜውን አይወክልም። ዕረፍት ላይ ከሆናችሁ ይህን ልኬት ለሚቀጥለው ሴሚስተር ሦስተኛ ሳምንት አቆዩት።

ውጤት ወረቀት ላይ የማይታየው ዕድገት

ለዚህ የሚሆነው ሦስት ክፍል ያለው ዓረፍተ ነገር ነው፦ ያኔ፣ አሁን፣ ማስረጃው። «በራስ መተማመኔ ጨምሯል» ብሎ ማቆም ምንም አይናገርም። «ያኔ ክፍል ውስጥ ጥያቄ አልጠይቅም ነበር፤ አሁን እጠይቃለሁ፤ ማስረጃው በሁለተኛው ሴሚስተር የቡድናችንን ሥራ እኔ ማቅረቤ ነው» ሲባል ግን ሰሚውም ራሱ ተማሪውም ያምነዋል። ማስረጃ ያልተገኘለትን ዓረፍተ ነገር ሰርዙት፤ ወይም ወደ ዕቅድ ገጹ አዛውሩት፣ ምኞት ስለሆነ።

የምትፈትሿቸው ነገሮች ገንዘብ አያያዝ፣ ከዶርም ጓደኛ ጋር የተፈጠረ ችግር አፈታት፣ እርዳታ መጠየቅ፣ «አይሆንም» ማለት፣ ብቻን መሆን መቻል፣ እንቅልፍና ጤና ናቸው። የቀነሰውንም ጻፉ። ድሮ የምታነቡት ልብ ወለድ፣ የምትሠሩት ስፖርት፣ የምትደውሉለት ሰው ቀርቶ ከሆነ ይህም የዓመቱ ታሪክ አካል ነው። በመጨረሻ ዓመቱን ሙሉ በቅርብ ያያችሁን አንድ ሰው «ከመጀመሪያው ወር ምን ተለወጠብኝ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም ሳትከራከሩ እሱ እንዳለው ጻፉት።

የጂፒኤ ሒሳብ

ስለ ውጤት የሚወጣ ግብ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው መጀመሪያውኑ ስላልተሰላ ነው። በ18 ክሬዲት 2.80 ጂፒኤ (አማካይ ውጤት)፣ በሚቀጥለው ሴሚስተር በ17 ክሬዲት 3.10 ያመጣች ተማሪ እንውሰድ። 18 × 2.80 = 50.4፣ 17 × 3.10 = 52.7፤ ድምሩ 103.1 ለ35 ሲካፈል ድምር ጂፒኤዋ 2.95 ይሆናል። በሁለተኛው ዓመት 36 ክሬዲት ወስዳ 3.50 ላይ መድረስ ብትፈልግስ? 35 + 36 = 71 ክሬዲት፤ 71 × 3.50 = 248.5፤ 103.1 ሲቀነስ 145.4 ይቀራል፤ ለ36 ሲካፈል 4.04 ይመጣል። ጣሪያው 4.00 በሆነበት ይህ ግብ የማይቻል ነው፣ የቱንም ያህል ብትደክም። ግቡ 3.20 ቢሆን ግን የሁለተኛው ዓመት አማካይ 3.45 ያስፈልጋታል፤ ከባድ ነው፣ ይቻላል። በሌላ 36 ክሬዲት እስከ ሦስተኛው ዓመት መጨረሻ ቢዘረጋ ወደ 3.32 ይወርዳል። ይህን ስሌት በራሳችሁ ቁጥር ሳትሠሩ ምንም ዓይነት የውጤት ግብ አትጻፉ።

ግብ ማውጣት

ሦስት ይበቃሉ፦ አንድ የትምህርት፣ አንድ የራስ አኗኗር፣ አንድ ወደ ፊት የሚያይ። አሥር ግብ የሚጽፍ ተማሪ የመጀመሪያው ሚድ ሲደርስ የትኛውን እንደሚያስቀድም አያውቅም።

እያንዳንዱን ግብ «ይህ ሲሆን፣ ይህን አደርጋለሁ» በሚል ቅርጽ አስቀምጡት። ፒተር ጎልዊትዘር እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው ጽሑፍ እንዳብራራው መቼና የት እንደሚደረግ ከአንድ ሁኔታ ጋር የታሰረ ዕቅድ «አደርገዋለሁ» ከሚል ውሳኔ የበለጠ ይፈጸማል። «ካልኩለስ በደንብ አጠናለሁ» የሚለው እንዲህ ይለወጥ፦ «ማክሰኞ የካልኩለስ ክፍል እንዳለቀ፣ ወደ ዶርም ሳልመለስ ላይብረሪ ገብቼ የዕለቱን 5 ጥያቄዎች እሠራለሁ።» ዶርም ከገባ በኋላ መውጣት ስለሚከብድ «ሳልመለስ» የሚለው ቃል የዕቅዱን ግማሽ ይሸከማል።

የጊዜ ግምታችሁንም አትመኑት። ቢውለር፣ ግሪፊንና ሮስ እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተሙት ጥናት የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሠሩ ተማሪዎች በአማካይ በ34 ቀን ገደማ እንጨርሳለን አሉ፤ የፈጀባቸው ግን 55 ቀን ገደማ ነበር። ለአሳይመንት 6 ሰዓት ከገመታችሁ 9 ወይም 10 ሰዓት መድቡ።

ወደ ፊት የሚያየው ግብ ከሥራ ወይም ከሙያ ይነሳና ወደ ኋላ ይቆጠር። የምትፈልጉት ዘርፍ በአራተኛ ዓመት የትኛውን ኮርስ ይጠይቃል? ያ ኮርስ የትኛው እንዲቀድመው ይፈልጋል? ቀዳሚው ኮርስ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ ከሆነ አንዴ ማምለጡ ሙሉ ዓመት ሊያስዘገይ ስለሚችል ሰንሰለቱን ወረቀት ላይ ስላችሁ ለአማካሪ መምህራችሁ አሳዩ። ምን መሆን እንደምትፈልጉ ገና ካልለየላችሁ አትጨነቁ፤ ግቡ «እስከ ሴሚስተሩ አጋማሽ በዘርፉ ከሚሠሩ ሁለት ሰዎች ጋር 20፣ 20 ደቂቃ እነጋገራለሁ» ይሁን። የሚጠየቀውም ተራ የሥራ ቀናቸው ከጠዋት እስከ ማታ ምን እንደሚመስል ነው፤ ደመወዝና ማዕረግ ስለ ቀኑ ብዙ አይነግሩም።

ግምገማውን እንደ አሳይመንት የምታቀርቡ ከሆነ

ጊብስ እ.ኤ.አ. በ1988 ያቀረበው፣ ያለፈን ልምድ መልሶ የመመልከቻ ዑደት ብዙ ኮርሶች ላይ ይሠራበታል፦ የሆነው፣ የተሰማው፣ በጎና ክፉ ጎኑ፣ ለምን እንደሆነ፣ መደምደሚያውና ቀጣዩ እርምጃ። ነጥብ የሚያስቆርጠው ስህተት የሆነውን በመተረክ ሦስት አራተኛውን ገጽ መጨረስ ነው። ለ1000 ቃል ጽሑፍ አንድ ወይም ሁለት ክስተት ብቻ ምረጡ፤ ለትረካው 200፣ «ለምን» ለሚለው ቢያንስ 400፣ ለቀጣዩ እርምጃ 200 ቃል መድቡ። የዶርም ወይም የቡድን ጓደኛን በስም አትጥቀሱ።

መከታተያ ቀኖች

ሦስቱን ግቦች በአንድ ገጽ ጽፋችሁ የመጀመሪያውን መፈተሻ በሴሚስተሩ ሦስተኛ ሳምንት፣ ሁለተኛውን ሚድ እንደተመለሰ፣ ሦስተኛውን ከፋይናል አንድ ወር በፊት ስልካችሁ ላይ አሁኑኑ መዝግቡ። ለእያንዳንዱ 15 ደቂቃ ይበቃል። ግቡ ሁለት ሳምንት በተከታታይ ካልተፈጸመ መጀመሪያ ሰዓቱን ወይም ቦታውን ለውጡ፤ ያም ካልሠራ መጠኑን በግማሽ ቀንሱ፣ 5ቱን ጥያቄ 2 ወይም 3 አድርጉት። ከዚህ በኋላም ካልሄደ አስወግዱትና ለምን እንደተወገደ አንድ መስመር ጻፉ፤ የሚቀጥለው ዓመት ግምገማ ሲሠራ ያ መስመር ከማስረጃዎቹ ጋር ይቀመጣል።