ኤችዲአር ቪዲዮ ከቤት ሰርቨር ሲጫወት አመዱ የሚወጣው ለምንድን ነው? ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ከሁሉ የሚያሳዝነው ስህተት ምስሉ አመዱ ወጥቶ ሲመጣ ሪሞት አንስቶ የቴሌቪዥኑን ብርሃንና ቀለም መነካካት ነው። ቴሌቪዥኑ ብዙ ጊዜ ጥፋት የለበትም። ሰርቨሩ ፋይሉን እንዳለ መላኩን ትቶ ትራንስኮድ እያደረገ፣ ማለትም ወደ ሌላ ፎርማት እንደገና እየቀረጸው ነው። ያን ጊዜ በ10 ቢት ኤችኢቪሲ (የቪዲዮ መጨመቂያ ፎርማት) የተቀረጸው ምስል አብዛኛውን ጊዜ የቀለም ደረጃው ወደሚያንሰው 8 ቢት ኤች.264 ይወርዳል፤ ኤችዲአርነቱም (ሰፊው የብርሃንና የቀለም ክልል) እዚያው ያበቃል። ቶን ማፒንግ (ኤችዲአርን ለተራ ምስል የሚያስማማው ስሌት) ካልበራ ደግሞ ፒኪው በተባለው የኤችዲአር ስሌት የተቀረጸው ብርሃን እንደ ተራ ምስል ይነበባል፤ መገርጣቱ ከዚህ የመጣ ስለሆነ የትኛውም የቴሌቪዥን ሴቲንግ አይመልሰውም። እባካችሁ፣ ምንም ከመንካታችሁ በፊት ቪዲዮው እየሄደ እያለ የሰርቨሩን ዳሽቦርድ ክፈቱ። የታወቁት የሰርቨር ፕሮግራሞች ፕሌክስም ጄሊፊንም ፋይሉ በቀጥታ እየተጫወተ ይሁን ትራንስኮድ እየተደረገ በግልጽ ያሳያሉ፤ ጄሊፊን ምክንያቱንም ይጽፋል። ትራንስኮድ የሚደረገው ድምፁ ብቻ ከሆነ አትደንግጡ፤ ምስሉ አልተነካም።

ምስሉ ከተነካ መጀመሪያ ሰብታይትሉን አጥፍታችሁ ሞክሩ። ከብሉሬይ የሚወጣው ፒጂኤስ ሰብታይትል ጽሑፍ ሳይሆን ሥዕል ነው። ማጫወቻው ሥዕሉን በራሱ መደረብ ካልቻለ ሰርቨሩ ፍሬም በፍሬም ቪዲዮው ላይ ያትመዋል፤ ለአንድ መስመር ጽሑፍ ሲባል ፊልሙ በሙሉ እንደገና ይቀረጻል። ጽሑፍ በሆነው የኤስአርቲ ሰብታይትል ተኩት። ሰብታይትል ሳይኖርም ከቀጠለ በማጫወቻው አፕ ውስጥ ያለውን የጥራት ገደብ እዩ፤ በሰከንድ 20 ሜጋቢት ላይ ከተቀመጠ በሰከንድ 60 ሜጋቢት የሚፈልግ ፋይል እንዳለ አያልፍም። «ኦሪጅናል» ወይም «ማክሲመም» አድርጉት።

በብራውዘር ከፍቶ ስለ ኤችዲአር ጥራት መፍረድ ይቅር።

ምስሉ አረንጓዴና ሐምራዊ ሆኖ ከመጣ ፋይሉ ዶልቢ ቪዥን የተባለው የኤችዲአር ዓይነት፣ ያውም ፕሮፋይል 5 መሆኑን ጠርጥሩ። ይህ ፕሮፋይል የራሱን የቀለም አቀማመጥ ይጠቀማል፤ ሥሩ ተራ ኤችዲአር10 ስላልሆነ ዶልቢ ቪዥን የማያውቅ ማጫወቻ የሚያሳየው የተሳሳተ ቀለም ነው። ፕሮፋይል 8.1 ግን ከሥሩ ኤችዲአር10 ስላለው ዶልቢ ቪዥን በሚያውቅም በማያውቅም የኤችዲአር ማጫወቻ ይሠራል። ፋይሉን ሚዲያኢንፎ በተባለው ፕሮግራም ከፍታችሁ የፕሮፋይሉን ቁጥር አንብቡ፤ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ኔትወርክ ላይ ያለው ስህተት «ገመድ ሁልጊዜ ከዋይፋይ ይበልጣል» ብሎ ማመን ነው። የብዙ ቴሌቪዥኖች የኤተርኔት ወደብ 100 ሜጋቢት በሰከንድ ብቻ ነው። ከ4ኬ ብሉሬይ እንደገና ሳይጨመቅ የተቀዳ ፋይል ደግሞ በፈጣን ትዕይንቶች ከዚያ ሊያልፍ ስለሚችል፣ አብዛኛው ፊልም ደህና ሄዶ ሁለት ሦስት ቦታ ላይ ብቻ ይቆማል። ራውተሩ ቅርብ ከሆነ የ5 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ ይሻላል፤ ከዚያም የሚሻለው ጊጋቢት ወደብ ያለው የውጭ ማጫወቻ ነው።

የውጭ ማጫወቻ ከተጠቀማችሁ የገባበት የኤችዲኤምአይ ወደብ በቴሌቪዥኑ ሜኑ ውስጥ «ኢንሃንስድ» ወይም «ዲፕ ከለር» መባሉን አረጋግጡ። በመሃል የድምፅ ሪሲቨር ካለ እሱም ኤችዲአር ማሳለፍ አለበት። ማጫወቻው ሁልጊዜ ኤችዲአር እንዲያወጣ አታድርጉት፤ ተራው ቪዲዮ ሁሉ ያለአግባብ ይቀየራል። «ከይዘቱ ጋር አዛምድ» የሚለው ምርጫ ለዚህ ነው የተሠራው።

ትራንስኮድ ግድ ከሆነ፣ ለምሳሌ ኤችዲአር ለማያሳይ ስልክ፣ ሥራውን በፕሮሰሰሩ ጉልበት ብቻ አትሞክሩት። የ4ኬ ምስል ቶን ማፒንግ ብዙ ማሽን ያንበረክካል። ግራፊክስ ያለው የ7ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ የሆነ የኢንቴል ፕሮሰሰር 10 ቢት ኤችኢቪሲን በሃርድዌር ይፈታል። በፕሌክስ ግን የሃርድዌር ትራንስኮድ የሚከፈልበት ፕሌክስ ፓስ ይጠይቃል። ሰርቨሩ የሚሠራው በዶከር (ፕሮግራምን ኮንቴነር በተባለ የተለየ ክልል ውስጥ በሚያሠራ ሶፍትዌር) ከሆነ የግራፊክሱን መሣሪያ ለኮንቴነሩ ማሳለፍ አትርሱ፤ ካልተላለፈ ሴቲንጉ በርቶ እንኳ ሥራው ተመልሶ ፕሮሰሰሩ ላይ ሊወድቅ ይችላል።