ለልጃችሁ ስፒሩን ስትመርጡ የሠዓሊውን ስም እዩ

ቤልጅየም ልጅ የምታሳድጉ ሁሉ ስፒሩን ሳታገኙት አትቀሩም። ቀይ የሆቴል ዩኒፎርም የለበሰው፣ ስፒፕ የሚባል ሽኮኮ የማይለየው የኮሚክ (በሥዕል የሚተረክ ተከታታይ መጽሐፍ) ጀግና ነው። ከ1938 ጀምሮ (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው) ሲሳል ኖሯል። ልጄ ፈረንሳይኛ ማንበብ የለመደችው በእሱ ነው። ብዙ ወላጅ ቤተ መጻሕፍት ሲሄድ ቁጥር 1 የሚለውን ያነሳል። እኔ ግን ቁጥሩን ተዉትና ሽፋኑ ላይ የሠዓሊውን ስም ፈልጉ እላለሁ።

ስፒሩን የፈጠረው ሮብ-ቬል ነው። በ1943 ግን አሳታሚው ዱፕዊ መብቱን ገዛው። ከዚያ ወዲህ ሠዓሊ በተቀየረ ቁጥር ልጁም አብሮ ይቀየራል። ሠዓሊው ዢጄ ጓደኛውን ፋንታዚዮን ጨመረለት። በ1946 ደግሞ ገና የሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ የነበረው ፍራንኬን የተጀመረ ታሪክ ከመሀል ተረክቦ ቀጠለ።

መጀመሪያ የምትሰጡት የፍራንኬንን ይሁን። ቁጥር 1 እጁን ሲያፍታታ የሠራው ስለሆነ እሱን ዝለሉት። ከ1950ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ያሉትን ያዙ። መኪና ሲታጠፍ፣ ሰው ሲደናገጥ፣ ሁሉም ነገር ይንቀሳቀሳል። ቋንቋው ያልገባው ልጅ እንኳ ከሰዎቹ አቋቋም ብቻ ታሪኩን ይከተላል። ስለዚህ ጽሑፉን ለጊዜው ተዉት። ሥዕሉን ብቻ አብራችሁ እየገለጣችሁ ልጁ በአማርኛ ይተርክላችሁ። ፈረንሳይኛውን በሁለተኛው ዙር አንብቡ። እኛ ቤት ሁለቱም ቋንቋ የተረፈው እንዲህ ነው።

ሽፋኑ ተገንጥሎ ከሆነ የፍራንኬን ሥራ መሆኑን ለመለየት ማርሱፒላሚን ፈልጉ። ቢጫ፣ ጥቁር ነጠብጣብ ያለው፣ ጅራቱ ማለቂያ የሌለው እንስሳ ነው። ፍራንኬን በ1952 ፈጠረው። በ1968 ስፒሩን ሲለቅ ግን ማርሱፒላሚን ለራሱ አስቀረ። በተተኪው በፉርኒዬ የመጀመሪያ ታሪክ ላይ ማርሱፒላሚን የሳለው ራሱ ፍራንኬን ነው፤ ከዚያ ለአሥርት ዓመታት ከስፒሩ ጠፋ።

ፉርኒዬን ትንሽ ከፍ ላለ ልጅ አቆዩት። ስለ ተፈጥሮ ይቆረቆራል፤ በትውልድ አገሩ በፈረንሳይዋ ብሪታኒ ስለ ኑክሌር ኃይል ማመንጫ የሠራው ታሪክም አለው። ከእሱ በኋላ ከመጡት ውስጥ ቶም እና ዣንሪ ፈጣኖች ናቸው፤ የ1998ቱ የመጨረሻ ሥራቸው ግን ጨለም ያለ ነው፣ ለጎረምሳ ይሻላል። «ትንሹ ስፒሩ» የሚለውም የእነሱ ነው። ስሙ አያታላችሁ። ስለ ገላና ስለ ወሲብ የሚቀልድበት ገጽ ብዙ ስለሆነ ቀድማችሁ ግለጡት።

አሁን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝን ልናገር። ድሮ አፍሪካን በሚያሳዩ ገጾች ላይ ጥቁር ሰው ከንፈሩ አብጦ፣ ዓይኑ ፈጦ ተስሎ ታገኛላችሁ። የድሮ ብቻም አይደለም። በ2023 ዳኒ የሳለው አንድ የስፒሩ መጽሐፍ ጥቁሮችን የሳለበት መንገድ ቁጣ ቀስቅሶ፣ ዱፕዊ በ2024 ይቅርታ ጠይቆ ከገበያ አንስቶታል። ልጆቻችን ራሳቸውን የሚፈልጉት እዚያው ሥዕል ውስጥ ነው። ስለዚህ መጽሐፉን ከመዋሳችሁ በፊት እዚያው ቆማችሁ እስከ መጨረሻው ግለጡት። ልጁ ቀድሞ አግኝቶት ከሆነ አትንጠቁት። አጠገቡ ተቀመጡ፣ ማን እንደሳለውና መቼ እንደሳለው አሳዩት፣ ሥዕሉ ውሸት እንደሆነም በግልጽ ንገሩት።