የስታክ ስዊቾችን የኬብል አዘረጋግ እንዴት እንምረጥ?

ስዊቾች (ኮምፒውተሮችንና ሌሎች መሣሪያዎችን በኔትወርክ የሚያገናኙ ዕቃዎች) በስታክ ኬብል ሲያያዙ እንደ አንድ ስዊች ይሠራሉ፤ ይህ ስብስብ ስታክ ይባላል። አይፒያቸው (የኔትወርክ አድራሻቸው) አንድ፣ ኮንፊጋቸውም (የአሠራር ቅንብራቸውም) አንድ ይሆናል። የዚህ አንድነት ጥንካሬ ግን ያለው ከራኩ (ስዊቾቹ ከሚደረደሩበት መደርደሪያ) ጀርባ፣ በኬብሎቹ አዘረጋግ ላይ ነው። በሲስኮ ካታሊስት 9300 ላሳያችሁ። በአንድ ስታክ እስከ 8 ስዊች ይይዛል።

መጀመሪያ ቀለበት ለመሥራት ወስኑ። እያንዳንዱ ስዊች ከጀርባው ሁለት የስታክ ፖርት አለው። ከላይ ወደ ታች ብቻ አያይዛችሁ ከተዋችሁት ሰንሰለት ነው፤ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ስዊች አንድ አንድ ፖርት ባዶ ይቀራል። መሃል ላይ አንድ ኬብል ቢወልቅ ስታኩ ለሁለት ይከፈላል። ያኔ ሁለቱም ግማሾች ያንኑ አይፒ ይዘው «እኔ ነኝ አለቃው (ስታኩን የምመራው)» ይላሉ፤ ኔትወርኩም ይታመሳል። የመጨረሻውን ከመጀመሪያው ጋር ካገናኛችሁት ግን የአንድ ኬብል መውለቅ የስታኩን ፍጥነት ከ480 ወደ 240 ጊጋቢት በሴኮንድ ያወርደዋል እንጂ ማንም ከመስመር አይወጣም። ለአንድ ኬብል ዋጋ ብላችሁ ቀለበቱን ክፍት አትተዉ። ስዊቾቹ ሁለት ብቻ ቢሆኑም ሁለት ኬብል ይግባ።

ቀጥሎ ሜትር ይዛችሁ ራኩን ለኩ። ኬብሎቹ የሚመጡት በ50 ሳንቲሜትር፣ በ1 ሜትርና በ3 ሜትር ነው። አንድ ስዊች 4.5 ሳንቲሜትር ገደማ ከፍታ ስላለው፣ ተጠጋግተው የተቀመጡ 8 ስዊቾች 36 ሳንቲሜትር ቢሆኑ ነው። ግን ኬብሉ ወፍራም ነው፤ ሲታጠፍ ቦታ ይፈልጋል። በየመሃሉ ፓች ፓነል (የኔትወርክ ኬብሎች የሚሰበሰቡበት የሶኬት ሰሌዳ) ካለ ደግሞ ርቀቱ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ኬብሉን ከስዊቹ ጋር አብራችሁ እዘዙ፤ በኋላ ፈልጎ ማግኘት ጣጣ አለው።

ቀለበቱን የምትዘጉበት መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው ስዊቾቹን በተራ አያይዞ ከታችኛው ወደ ላይኛው አንድ ረጅም ኬብል መመለስ ነው። ሁለተኛው አንድ እየዘለሉ ማያያዝ ነው። አምስት ስዊች ካላችሁ 1ን ከ2፣ 2ን ከ4፣ 4ን ከ5፣ 5ን ከ3፣ 3ን ከ1 ታገናኛላችሁ። እንዲህ ሲሆን የትኛውም ኬብል ከአንድ ስዊች በላይ አይዘልም፤ ረጅም ኬብልም አያስፈልግም። እኔ ረጅሙ ኬብል እስካለ ድረስ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፤ ሌላ ባለሙያ ሲመጣ በዓይኑ ተከትሎ ይረዳዋል። ዘለላውን ከመረጣችሁ በየኬብሉ ጫፍ ቁጥር ለጥፉ። ስዊቾቹ በተለያየ ፎቅ ላይ ከሆኑ ግን ስታኩን እርሱት። የየፎቁን ለብቻ አድርጋችሁ በፋይበር ከኮር ስዊቹ (ሌሎቹ ሁሉ ከሚገናኙበት ዋና ስዊች) ጋር አገናኙ።

አፕሊንክን (ከስታኩ ወደ ኮር ስዊቹ የሚወጣውን መስመር) ብዙ ሰው ይዘነጋዋል። ወደ ኮር የሚሄዱትን ሁለት ፋይበሮች አንድ ስዊች ላይ አትሰኩ። ከሁለት የተለያዩ ስዊቾች አውጥታችሁ በኤልኤሲፒ (ብዙ መስመሮችን እንደ አንድ መስመር በሚያሠራ ፕሮቶኮል) አንድ አድርጓቸው። አለዚያ ያ ስዊች ሲሞት ቀለበቱ ምንም ደህና ቢሆን ሁሉም ከውጭ ይቆረጣል።

ኬብል የምትሰኩት ስዊቾቹ ጠፍተው ነው። ብሎኖቹንም በደንብ አጥብቁ። አለቃ እንዲሆን ለምትፈልጉት ስዊች ፕራዮሪቲ (የቅድሚያ ቁጥር) 15፣ ለተከታዩ 14 ስጡ። በአለቃ ምርጫው የሚሳተፉት በ120 ሴኮንድ ውስጥ የተነሱት ስለሆኑ፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ ሁሉም እኩል እንዲነሱ አድርጉ።

በመጨረሻ ስዊቹ ላይ «ሾው ስዊች ስታክ-ሪንግ ስፒድ» የሚለውን ትዕዛዝ ሰጥታችሁ እዩ። «ፉል» ካለ ቀለበቱ ተዘግቷል። «ሃፍ» ካለ አንድ ቦታ ክፍት ነው፤ የትኛው ፖርት እንደሆነ «ሾው ስዊች ስታክ-ፖርትስ ሰመሪ» ይነግራችኋል። ቢሮው ባዶ በሆነ ሰዓት ፒንግ (ግንኙነት መኖሩን በተከታታይ የሚፈትሽ ትዕዛዝ) ከፍታችሁ አንዱን ኬብል ንቀሉ። ፒንጉ ከቀጠለ ኬብሉን መልሱና «ፉል» መባሉን ዳግም አረጋግጡ።