ሳልሳ ለጀማሪ፦ መጀመሪያ እግር

እዚህ ሐዋሳ ሳልሳ የሚባለውን የጥንድ ዳንስ መማር ለሚፈልግ ሁሉ የምለው አንድ ነገር አለ፦ ትከሻችሁን ለጊዜው እርሱት። በእስክስታ ያደግን ሰዎች ሙዚቃ ስንሰማ ትከሻችን ይቀድማል፤ የሳልሳ ሥራ ግን እግር ላይ ነው። ወገብም ቢሆን ጉልበት ሲታጠፍና ክብደት ከእግር ወደ እግር ሲዛወር በራሱ ይመጣል።

ቆጠራው እስከ 8 ነው። በ1፣ 2፣ 3 ትረግጣላችሁ፣ በ4 ታርፋላችሁ፤ በ5፣ 6፣ 7 ትረግጣላችሁ፣ በ8 ታርፋላችሁ። በተለመደው አካሄድ መሪው በ1 ግራ እግሩን ወደ ፊት፣ ተመሪዋ ቀኝ እግሯን ወደ ኋላ። እርምጃው አጭር ይሁን። እኔን ያስቸገረኝ ማረፉ ነበር፤ 4 ላይ እግሬ አልቆም ይላል። ሁለት ሳምንት ማታ ማታ ወጥ ቤት ውስጥ ያለ ሙዚቃ ቆጠርኩ። ጠዋት ደግሞ በሐይቁ ዳር ስሄድ በጆሮ ማዳመጫ ዘፈን እየሰማሁ 1 የቱ ጋ እንደሚወድቅ እፈልግ ነበር። ጆሮዬን የከፈተልኝ ይሄ ነው።

ስለ ጫማ ደግሞ፦ ጎማ ሶል ወለሉን ይይዛል፣ ስትዞሩ ጉልበት ይጎዳል፤ የቆዳ ሶል ይሻላል።

ጭፈራ ቤት ስትገቡ ጀማሪ መሆናችሁን ተናገሩ። የአጋራችሁን እጅ አጥብቃችሁ አትያዙ፣ እየደነሳችሁም አታርሙ። እምቢ ያለ ሰው ካለ አመስግናችሁ እለፉ።