የፓተርኑ ልክ በመቁረጫ ማሽን ሲወጣ ለምን አደገ?

ደብረ ማርቆስ ላይ ከልብስ ሰፊዎች በተሰበሰበ ቁርጥራጭ ጨርቅ ብርድ ልብስ ለመገጣጠም ፓተርኑን (ጨርቁ የሚቆረጥበትን ልክ) ከኮምፒውተር በሚታዘዝ የቤት መቁረጫ ማሽን ማውጣት ተሞከረ። ኢንክስኬፕ በተባለው የኮምፒውተር መሳያ ፕሮግራም ላይ 11.27 ሴ.ሜ ሆኖ የተሳለው ካሬ ተቆርጦ ሲለካ 15 ሴ.ሜ ሆነ። (11.27 የመጣው 10 ሴ.ሜ ካሬ ላይ በየጎኑ 6.35 ሚ.ሜ የስፌት ትርፍ ተጨምሮ ነው።)

ምላጭ መቀየር አልረዳም። የገጹን መለኪያ ወደ ሚ.ሜ መለወጥም እንደዚያው። እያንዳንዱን ቅርጽ በዓይን ማሳነስ ደግሞ አባሰው፤ ካሬው ሲስተካከል ሦስት ማዕዘኑ ይስታል፣ ሲሰፋ ጫፉ አይገናኝም።

ፍንጩ የተገኘው 15ን ለ11.27 በማካፈል ነው፤ 1.33 ይመጣል። ኢንክስኬፕ አንድ ኢንች 96 ፒክሰል ነው ይላል፣ የመቁረጫው ፕሮግራም ግን በ72 አነበበው። 96 ለ72 ሲካፈልም ያው 1.33።

የሠራው ይህ ነው፦ ከፓተርኖቹ ጎን 100 ሚ.ሜ የሙከራ ካሬ ይሳላል፣ ሁሉም በአንድ ላይ ግሩፕ ይደረጋሉ፣ የወርድና የቁመት ቁልፉ ተዘግቶ ወደ 75 በመቶ ይወርዳሉ፣ ከዚያ ፋይሉ ይቀመጣል (ሴቭ ይደረጋል)። መጀመሪያ ተራ ወረቀት ላይ የሙከራ ካሬውን ብቻ ቆርጦ በማስመሪያ መለካት ነው።

ለፓተርኑ የሚሆን ፕላስቲክ ከጠፋ አሮጌ የራጅ ፊልም ይበቃል፤ በረኪና ውስጥ ሲነከር ጥቁሩ ይለቃል። ሲቆረጥ ግፊት ከመጨመር በቀላል ግፊት ሁለት ሦስት ጊዜ ማስደገም ይሻላል፤ አለዚያ ፊልሙ የሚለጠፍበት የማሽኑ ምንጣፍ ላይ ይንሸራተትና ማዕዘኑ ይበላሻል።